የጁፒተርን ምህዋር የሚጋሩ አስትሮይዶችን ከቱሉ ዲምቱ ማየት ይቻላል?

የክበቡ መምህር፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የትምህርት ቤት ሳይንስ ክበብ ነው የምመራው፣ 70 ሚሊሜትር ቴሌስኮፕ አለን። ጁፒተርንና አራቱን ጨረቃዎች ሳሳያቸው አንዷ ተማሪ በሱ ምህዋር ላይ አብረውት የሚዞሩ አስትሮይዶች አሉ አይደል፣ ታዲያ ለምን አይጋጩም አለችኝ። በዚህ ቴሌስኮፕ ይታያሉ? ካልታዩስ በምን ላስረዳቸው? ቅዳሜ ክበብ አለን እባካችሁ

ሰማይ ወዳድ፦ ወንድሜ በ70ው አትድከም። ትሮጃን ነው የሚባሉት፣ ትልቁ ሄክቶር እንኳን ድምቀቱ 14 ገደማ ነው (ቁጥሩ ሲጨምር ይደበዝዛል)፣ ያንተው ደግሞ ጥሩ ጨለማ ቢያገኝ 11 አካባቢ ላይ ይቆማል። የመጀመሪያውን አኪለስን ማክስ ቮልፍ በፈረንጆች 1906 ሃይደልበርግ ላይ ያገኘው በፎቶ ነው።

ባዩሽ፦ አለመጋጨታቸውን እኔ ልመልስ። ልክ እንደ ጁፒተር በ12 ዓመት ገደማ ነው ፀሐይን የሚዞሩት፣ አንዱ መንጋ 60 ዲግሪ ከፊቱ ሌላው 60 ዲግሪ ከኋላው፣ ስለዚህ የመንጋዎቹ መሃል ከሱ 780 ሚሊዮን ኪሎሜትር ያህል ይርቃል። እዛ ቦታ ላይ የፀሐይና የጁፒተር ስበት ከራሳቸው ዙረት ጋር ይመጣጠናል፣ ትንሽ ፈቀቅ ቢሉ እንኳን በዛው ዙሪያ ይወዛወዛሉ እንጂ አይበተኑም። ይሄን የሂሳብ ሊቁ ላግራንዥ በ1772 በስሌት አውጥቶታል፣ አንድም ሳይታይ ማለት ነው! በጣም የምወደው ነገር ነው።

ለማሳየት ገመድ ይበቃሃል። ግቢ ላይ ፀሐይ ብለህ ችካል ትከል፣ በ5 ሜትር ከ20 ገመድ ክብ ስራ፣ ክቡ ላይ ጁፒተርን አቁም። ከዛ ያንኑ ገመድ ከጁፒተር ዘርግተህ በግራም በቀኝም ክቡን የሚነካበት ቦታ ላይ ልጆች አቁም፣ በቃ ትሮጃኖቹ እነሱ ናቸው። ምድር ከፀሐይ 1 ሜትር ላይ በጁፒተር መስመር ትቆማለች።

የክበቡ መምህር፦ ተባረኪ እህቴ! ማታ ሰማዩ ላይ ወዴት ልጠቁማቸው?

ሰማይ ወዳድ፦ ጁፒተር እኩለ ሌሊት ላይ ከፍ ብሎ በሚታይበት ሰሞን ከሆነ ፊት ያለው መንጋ ወደ ምስራቅ ኋላ ያለው ወደ ምዕራብ ነው። ክንድ ዘርግተው በጭብጥ ይለኩ፣ አንድ ጭብጥ 10 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ከምድር ሲታይ 60 ሳይሆን ወደ 70 ስለሚሰፋ ሰባት ጭብጥ ይቁጠሩ። ፕላኔቶች የሚሄዱበትን መስመር ተከትለው ግን።

የአቃቂ ልጅ፦ የናሳን ሉሲ መንኮራኩር ሳትነግራቸው እንዳትቀር፣ ስሟ ከኛዋ ሉሲ ነው። በ2021 ተነስታ በ2023 በማርስና በጁፒተር መሃል ባለው ቀበቶ ድንቅነሽ የተባለች ትንሽ አስትሮይድ አጠገብ አለፈች፣ ጨረቃም አላት፣ ስሟን ሰላም ብለዋታል። ትሮጃኖቹ ጋ የምትደርሰው በእቅዱ በ2027 ነው፣ ተማሪዎችህ ይከታተሏት።

የክበቡ መምህር፦ ሳላውቅ ነበር፣ በጣም ነው ደስ የሚላቸው። ግቢያችን ግን ጠባብ ናት፣ 5 ሜትር አትወስድም።

ባዩሽ፦ አጥፈው፣ ገመዱን 2 ሜትር ከ60 አድርገህ ምድርን ግማሽ ሜትር ላይ አቁማት፣ ምድር ላይ ቆመው ሲለኩ ጭብጡ ያው ሰባት ነው።