ያልተያዘ ቁስን በሱፐርኮምፒውተር ማሳደድ የሕዝብ ገንዘብ ይገባዋል? (ክርክር)

ሞጋች፦
ለክርክሩ አንድ ሰው ላንሳ፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ካርሎስ ፍሬንክ ሜክሲኮ ተወልዶ ካምብሪጅ የተማረ አስትሮፊዚሲስት ነው፤ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሚሠራው በእንግሊዝ አገር ዱራም ዩኒቨርሲቲ ነው። ሥራው ጨለማ ቁስ (ብርሃን የማይሰጥ፣ በስበቱ ብቻ የሚታወቅ ቁስ) ጋላክሲዎችን እንዴት እንደሠራ በኮምፒውተር ማስላት ነው፤ ኮስማ የሚባለውን የዱራም ሱፐርኮምፒውተር የሚደጉመውም የብሪታንያ መንግሥት ነው። የጨለማ ቁስ አንድ ቅንጣት እንኳ ግን እስከ ዛሬ አልተያዘም። ጣሊያን ግራን ሳሶ ተራራ ሥር፣ አሜሪካ ሳውዝ ዳኮታ በድሮ የወርቅ ጉድጓድ ውስጥ ተመራማሪዎች ቶን በቶን ፈሳሽ ዜኖን (ቅንጣቷ ብትመታው ብልጭ የሚል ንጥረ ነገር) አስቀምጠው ይጠብቃሉ። ወፍ የለም! ግብር ከፋይ ለዚህ መክፈል የለበትም ባይ ነኝ። የምትቃወሙ ወዲህ በሉ።

የፊዚክስ መምህር፦
አልተያዘም ማለት ዱካ የለውም ማለት አይደለም። ፍሪትዝ ዝዊኪ በ1933 ኮማ በተባለው የጋላክሲዎች ክምችት ውስጥ ጋላክሲዎቹ የሚታየው ቁስ ሊይዛቸው ከሚችለው በላይ ሲፈጥኑ አገኛቸው። ቬራ ሩቢን በ1970ዎቹ በየጋላክሲው ዳር የሚዞሩት ኮከቦችና ጋዝ ፍጥነት እንደተጠበቀው እንደማይቀንስ አሳየች። የዩኒቨርስን ጥንታዊ ብርሃን በለካው በፕላንክ ሳተላይት ደግሞ የማይታየው ቁስ የተራውን አምስት እጥፍ ያህል ነው።

ሲሙሌሽኑ (በኮምፒውተር የሚሰላው የዩኒቨርስ አምሳያ) ምን ፈየደ ካልከኝ፣ በ1980 የሞስኮ ተመራማሪዎች ኒውትሪኖ የተባለችውን ከሌላ ቁስ ጋር እምብዛም የማትነካካ ቀላል ቅንጣት ክብደት ለካን፣ 30 ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣት ክብደት መለኪያ) ገደማ ነው አሉ። እውነት ቢሆን ጨለማ ቁስ ተገኘ ማለት ነበር። በ1983 ሳይመን ዋይት፣ ፍሬንክና ማርክ ዴቪስ በኒውትሪኖ የተሞላ ዩኒቨርስ በኮምፒውተር አሳድገው ከእውነተኛው የጋላክሲ ካርታ ጋር አስተያዩት። አልገጠመም፤ ጋላክሲዎቹ ከመጠን በላይ ተጨናነቁ። ሐሳቡ ወደቀ። የሞስኮውም ልኬት በኋላ ስህተት ሆኖ ተገኘ። ይህ በወረቀትና በእርሳስ የሚሆን ሥራ አይደለም።

ኮድ ጸሐፊ፦
መምህር እንዳሉት ነው። በ1985 ዴቪስ፣ ኤፍስታቲዩ፣ ፍሬንክና ዋይት ቀዝቃዛ የሚባለውን፣ ማለትም ቅንጣቶቹ ቀስ ብለው የሚሄዱትን ጨለማ ቁስ የፈተኑት በኮምፒውተሩ ውስጥ እያንዳንዱ ብዙ ቁስ በሚወክል 32,768 ቅንጣት ነበር (የእኔ ላፕቶፕ ቡናው ሳይፈላ ይጨርሰዋል)። በ2005 ሚሊኒየም ሲሙሌሽን ከ10 ቢሊዮን በላይ ቅንጣት ይዞ ጀርመን ጋርሺንግ ውስጥ በ512 ፕሮሰሰር አንድ ወር ገደማ ፈጀ። ጋጄት የተባለው የቮልከር ስፕሪንገል ኮድ ለማንም ክፍት ነው፤ የሚሊኒየም ውጤትም እንዲሁ። አዲስ አበባ ሆኖ የሚሠራበት ተማሪ ፈቃድ መለመን የለበትም።

ሞጋች፦
መብራትና ኢንተርኔት ካለ! ለማንኛውም የኒውትሪኖዋን ተቀብያለሁ። ከዚያ በኋላስ? በ1999 የቀዝቃዛው ጨለማ ቁስ ሲሙሌሽኖች ፍኖተ ሐሊብን፣ የራሳችንን ጋላክሲ፣ የመሰለ ጋላክሲ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ አጃቢዎች ሊኖሩት ይገባል አሉ። ያኔ በሰማይ የታወቁት 11 ገደማ ነበሩ። ሞዴሉ ወደቀ ተባለ? የለም፤ ትናንሾቹ ጋዛቸው ሞቆ ስላመለጠ ኮከብ መሥራት አቃታቸው ተባለ። በባዳ ላይ የተፈረደው ፍርድ ለራስ ልጅ ሲሆን ይግባኝ አለው።

ሰማይ ጠባቂ፦
ጎዶሎ ታሪክ ነው ያወራኸው። ከ2005 ጀምሮ የስሎን የሰማይ ቅኝት እጅግ ደብዛዛ ድንክ ጋላክሲዎችን ማግኘት ጀመረ፤ ዛሬ የታወቁት አጃቢዎች ከ50 በላይ ናቸው።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ናቫሮ፣ ፍሬንክና ዋይት በ1990ዎቹ ባወጡት ቀመር የጨለማ ቁስ ጥግግት ወደ መሃል እየሾለ ይሄዳል፤ በርካታ ድንክ ጋላክሲዎች ሲለኩ ግን መሃላቸው ለጥ ያለ ነው። ሱፐርኖቫ (የኮከብ ፍንዳታ) ነው የበተነው ይላሉ። ይሆናል። ነገር ግን ኮዶቹ ሱፐርኖቫን አንድ በአንድ አያሰሉም። በ2015 በወጣው ኢግል ሲሙሌሽን አንዲት የጋዝ ቅንጣት የፀሐይን ከሚሊዮን እጥፍ በላይ ትመዝናለች። ስለዚህ የፍንዳታው ብርታት ይገመታል፣ ከሚታዩት ጋላክሲዎች ብዛትና መጠን ጋር እስኪስማማም ይስተካከላል። ሠሪዎቹ አልደበቁትም፤ እኛ ግን ውብ ሥዕሉን አይተን እንረሳዋለን።

ከረሖቮት፦
እዚሁ እስራኤል ከተማችን፣ ዋይዝማን ኢንስቲትዩት፣ ሞርደካይ ሚልግሮም በ1983 ጨለማ ቁስ ከመጨመር ይልቅ መሻሻል ያለበት የስበት ሕጉ ነው ብሎ ጽፏል። በነጠላ ጋላክሲዎች ላይ ቀመሩ ይሠራል። ለእሱ ወገን ስንት ሱፐርኮምፒውተር ተሰጠ?

የፊዚክስ መምህር፦
ልጄ፣ በነጠላ ጋላክሲ ላይ እውነትህን ነው። በ2006 የቡሌት ክምችት ሲጠና ግን ሁለት የጋላክሲ ክምችቶች ተጋጭተው ጋዙ መሃል ቀርቷል፣ አብዛኛው ስበት ደግሞ ጋዙን ጥሎ አልፏል፤ ስበቱ ከሚታየው ቁስ ዋና ክፍል ተለይቷል ማለት ነው። የሚልግሮም ቀመር በክምችቶች ላይ ሲደርስ እሱም ራሱ የማይታይ ቁስ ይጨምራል።

ሞጋች፦
መምህር፣ እሺ። እንግዲያው የቀዝቃዛው ጨለማ ቁስ ሞዴል የሚወድቅበትን ነገር አስቀድመው ይንገሩን።

ሰማይ ጠባቂ፦
አለ። ጨለማ ቁስ ቀዝቃዛ ከሆነ አንድም ኮከብ የሌላቸው ትናንሽ የጨለማ ቁስ ክምችቶች እልፍ መሆን አለባቸው። ከኋላቸው ያለ ጋላክሲ ብርሃን ሲያልፍባቸው ያጣምሙታል። በበቂ ጥራት ተፈልገው ከጠፉ የፍሬንክም የዕድሜ ልክ ሞዴል አበቃለት።

ሞጋች፦
ታዲያ ገንዘቡን ለቴሌስኮፕ ስጡ!

ኮድ ጸሐፊ፦
ስንት ክምችት ሲጠፋ ነው ወደቀ የምትለው? ያንን ቁጥር የሚሰጥህ ሲሙሌሽኑ ነው።

ሞጋች፦
በቁጥሩ እስማማለሁ። ሱፐርኖቫውን ሳያስተካክሉ ያወጡት ከሆነ።