«ገባኝ» እና «ይገባኛል»

ጥያቄ፦ ባለፈው ሰኞ ከኮምቦልቻ ለገበያ ደሴ ወጥቼ ነበር። ፒያሳ ሻይ ስጠጣ አንድ የባዮሎጂ መምህር «የፍትሕን ነገር ሳይንስ ጨርሶታል» ሲሉ፣ አጠገባቸው የተቀመጡ ሽማግሌ «ገባኝ ነው ወይስ ይገባኛል?» ብለው ጠየቋቸው። ሁሉም ሳቀ፤ እኔ ቀልዱ አልያዘልኝም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሽማግሌው ሰዋስው አዋቂ ናቸው። «ትምህርቱ ይገባኛል» ስንል እረዳዋለሁ ማለታችን ነው፤ «ርስቱ ይገባኛል» ስንል ግን ድርሻዬ ነው እያልን እንሟገታለን። ልዩነቱ የሚታየው በኃላፊ ጊዜ ነው። «ትምህርቱ ገባኝ» ይባላል፤ «ርስቱ ገባኝ» የሚል ተሟጋች ግን ሰምቼ አላውቅም። «ይገባኝ ነበር» ነው የሚለው፣ ያውም ከተረታ በኋላ።

መምህሩ ያሰቡት እ.ኤ.አ. በ2003 ሳራ ብሮስናን እና ፍራንስ ደ ቫል ያሳተሙትን የጦጣ ሙከራ ይመስለኛል። ካፑቺን የተባሉት ጦጣዎች ለአንድ ዓይነት ሥራ አንዷ ኪያር ጓደኛዋ ወይን ሲሰጣቸው፣ ኪያር የደረሳት ብዙ ጊዜ አልቀበልም ትላለች። ደስ የሚል ሙከራ ነው፤ ቁጣ ከየት እንደሚነሣ ያስረዳል። ቁጣው ተገቢ መሆኑን ግን አይነግረንም፤ የሽማግሌው ቀልድም ይኸው ነው፦ ሳይንስ «ገባኝ» ቢል፣ የርስቱን «ይገባኛል» አልፈታም። ወይን የደረሳትም እኮ ወይኑን ብትቀማ ትቆጣ ነበር!

አባቶች «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይላሉ። ጭብጦ በእጅ ተጨብጣ የምትጋገር ትንሽ ቂጣ ናት። ሰኞ ገበያ ያለ የትኛውም ሚዛን በቅሎዋ እንደምትበልጥ ይመሰክራል፤ ተረቱ ደግሞ ይህን ሳይክድ ጸጸቱን ወደ ጭብጦዋ ያዞረዋል። «ያለ ፍርድ» የሚለው በኪሎ አይወጣም።

ሌላ አባል፦ አበዙት ጋሼ። ነገሩ ሳይገባው የፈረደ ዳኛ ምን ይባላል? ደግሞስ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 «ሁሉም ሰዎች በሕግ ፊት እኩል ናቸው» ይላል እንጂ «ይሁኑ» አይልም። «ናቸው» ከሆነ የሚመረመር ነገር ነው።

መልስ፦ ስለ ዳኛው ተረትቻለሁ። ማስረጃ የማይሰማ ዳኛ አያድርስ ነው። «ናቸው» ግን ሁልጊዜ ወሬ ነጋሪ አይደለም። ለሠርግ «ሚዜው አንተ ነህ» ሲባል ማን መርምሮ ያረጋግጣል? የተባለው ሰው ሱፉን ያስተኩሳል።