ሰነዱ እጄ ላይ ነው፤ ምንጬን ሳላጋልጥ እንዴት ላውጣው?

ሰላም የሙያ ጓደኞቼ። ጎንደር ውስጥ በግሌ የምሠራ ጋዜጠኛ ነኝ።

አዘዞ አካባቢ ያለ የአንድ ቦታ ካርታ (የይዞታ ማረጋገጫ) ሁለት ፎቶ ኮፒዎች ደርሰውኛል። የካርታው ቁጥር አንድ ዓይነት፣ የባለቤቶቹ ስም ግን ሁለት። በሁለተኛው ባለቤት ስም በወጣው ላይ ያለውን ቀን ካላንደር አውጥቼ አየሁት፤ እሑድ ነው። እሑድ ቢሮ ገብቶ ካርታ የሚፈርም ትጉህ ሠራተኛ ከየት መጣ?

ካርታውን የሰጠው መሥሪያ ቤት ስሄድ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ነው መልሱ። በመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት መረጃውን በጽሑፍ መጠየቅ እንደምችል አውቃለሁ። በ30 ቀን ውስጥ መልስ ሊሰጡኝ ይገባል፤ እንቢ ካሉ አቤት የምልበት የእንባ ጠባቂ ተቋም አለ። ችግሩ ሌላ ነው። የካርታውን ቁጥር ጠቅሼ ከጠየቅኩ ማን እንዳወጣው ወዲያው ይነቃሉ። ያንን ፋይል የሚነኩት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ሰጪው ደግሞ ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው።

የዚያን ዓመት የአካባቢውን ካርታዎች በጅምላ ብጠይቅስ? ያዋጣል? ወይስ ከጎረቤት ባለይዞታዎች ልጀምር?

እናቴ «አርፈህ ሕዝብ ግንኙነት ተቀጠር» ትላለች። ደመወዙ አይጠላም፤ ግን ይሄን ሳልጨርስ አይሆንም።

እንዲህ ያለ ጉዳይ የሠራችሁ ምከሩኝ። «ሰነዱን ላክልኝና ልየው» የምትሉ ግን ይቅርባችሁ፣ አልልክም።