የፈተና ጥያቄ የጋራ ግምገማ፦ መልሱ እየታየ መገምገም ይሠራል?

የጀጎል መምህር

ጤና ይስጥልኝ። ሐረር ሕክምና አስተምራለሁ። የሲ-1 (የክሊኒክ የመጀመሪያ ዓመት) ተማሪዎች የውስጥ ደዌ ፈተና ከመታተሙ በፊት አራት መምህራን ሆነን 100 ጥያቄ በ120 ደቂቃ እንገመግማለን። ጥያቄው በፕሮጀክተር ይወጣል፣ መልሱ በቢጫ ተቀልሟል፣ አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ «ጥሩ ነው» ይባላል፣ እናልፋለን። በመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች ላይ ነጠላ ሰረዝ ሳይቀር እንከራከራለን፣ ከ60ኛው በኋላ ያለውን ግን በቅጡ የሚያነበው የለም። ፈተናው ሲያልቅ ተማሪው «ሁለት መልስ አለው» ብሎ ይመጣል፣ እውነቱንም ነው። አካሄዱን የምታውቁ ብትመክሩኝ። አማራጭስ የግድ አምስት መሆን አለበት?

ከዚራ

ዶክተር፣ ከሰዓቱ ይልቅ ቢጫው ቀለም ነው የሚጎዳችሁ። መልሱን አስቀድሞ ያየ ሰው ጥያቄውን አይገመግምም፣ ለመልሱ ምክንያት ይፈልግለታል።

መጀመሪያ ሁሉም ለየብቻ፣ መልስ በሌለው ወረቀት፣ እንደ ተማሪ ይፈተን። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን የመረጠውን ፊደል ይጻፍና «ይለፍ»፣ «ይታረም» ወይም «ይውጣ» ይበል። አስተባባሪው የአራቱን መልስ ኤክሴል ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጥ። አራቱም ከመልሱ ጋር የተስማሙበትና አስተያየት ያልተሰጠበት ጥያቄ ጠረጴዛ ላይ አይምጣ። 100 ጥያቄ በ120 ደቂቃ ሲሆን ለአንዱ 72 ሴኮንድ ነው፤ ለክርክር የሚቀርቡት 30 ከሆኑ ግን ለእያንዳንዱ 4 ደቂቃ አላችሁ።

ስብሰባው ላይ ጥያቄውን ያዘጋጀው ሰው መጨረሻ ላይ ይናገር። «እኔ ለማለት የፈለግኩት…» ካለ በኋላ ሁሉም ወረቀቱ ላይ የሌለውን ነገር ያነባል። ተማሪው ግን ያንን ማብራሪያ አያገኝም።

ለምሳሌ ይህን እዩት፣ እኛ አካባቢ የተለመደ ዓይነት ነው፦ «የ24 ዓመት የድሬዳዋ ነዋሪ ለ3 ቀን ከፍተኛ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የመገጣጠሚያ ሕመም አለው። የወባ ምርመራው ኔጌቲቭ ነው። በሽታው ምንድን ነው?» አማራጮቹ ዴንጊ፣ ቺኩንጉንያ፣ ታይፎይድ፣ ታይፈስና ወባ፤ መልሱ ዴንጊ ተብሏል። ድሬዳዋ በ2013 እ.ኤ.አ. የዴንጊ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ያየች ከተማ ናት፤ ሁለቱንም የምታስተላልፈው ኤደስ ትንኝ ነች። በተሰጠው መረጃ ብቻ ማንም ሐኪም አይለያቸውም። መልሱን ሳያዩ ቢሠሩት ገምጋሚዎቹ ራሳቸው ይለያዩ ነበር። «ወባ» የሚለውን ደግሞ ስቴሙ (ከአማራጮቹ በፊት ያለው የጥያቄው አካል) ራሱ ከጨዋታ አውጥቶታል፣ ቦታ ይዞ ነው የተቀመጠው።

ሁለት መውጫ አለው። አንደኛው ለዴንጊ የሚያደላ መረጃ መጨመር ነው፦ ፕላትሌት (ደም የሚያረጋው ሴል) 60,000፣ ሄማቶክሪት (የቀይ ደም ሴል ድርሻ) ከ42 ወደ 51 የወጣ፣ የሆድ ሕመምና የማያቆም ትውከት። ሁለተኛውን እኔ እመርጣለሁ፦ የበሽታውን ስም ትቶ «ለትኩሳቱና ለሕመሙ የትኛው ይሰጠው?» ብሎ መጠየቅ፤ ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ፣ አስፕሪን። ዴንጊ አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ከፓራሲታሞል በቀር ሦስቱ የደም መፍሰስን ስለሚያሰጉ አይሰጡም። ስለዚህ ቺኩንጉንያ ሆኖ ቢገኝም መልሱ አይለወጥም።

ሳቢያን 05

የከዚራ ሐሳብ ጥሩ ነው፣ ያረመው ጥያቄ ግን ራሱ ቀዳዳ አለው። ሦስቱ አማራጮች የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች ናቸው፣ አንዱ ብቻ ባዕድ። ስለ ዴንጊ ምንም የማያውቅ ተማሪ «የተለየውን ክበብ» ብሎ ያገኘዋል። ዲስትራክተር (የተሳሳተው አማራጭ) መወሰድ ያለበት ክሊኒክ ውስጥ በእርግጥ ከሚሠራ ስህተት ነው፦ ፓራሲታሞል፣ ዳይክሎፌናክ መርፌ፣ ሴፍትሪያክሶን (አንቲባዮቲክ)፣ ኮአርተም (የወባ መድኃኒት)። ጥያቄው ያኔ «አሁን የትኛው ይሰጠው?» ይሁን፤ ስቴሙ ላይ ከዓይን ጀርባ የሚሰማ ሕመም፣ ሽፍታና ዝቅ ያለ ፕላትሌት ይጨመር፣ አለዚያ ሴፍትሪያክሶንም «ታይፎይድ ቢሆንስ?» የሚል ጠበቃ አያጣም።

ስለ አማራጭ ብዛት፦ አምስት ግዴታ አይደለም። የ80 ዓመት ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ የ2005 እ.ኤ.አ. ሥራ ሦስት እንደሚበቃ ደምድሟል። አምስተኛው ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ቦታ ለመሙላት ነው፣ «ሁሉም መልስ ናቸው» የሚለውም የሚመጣው ከዚያው ነው። እሱን በጭራሽ አታሳልፉ፤ ሁለቱ ትክክል መሆናቸውን ያወቀ ተማሪ ሦስተኛውን ሳያነብ ነጥቡን ይወስዳል።

ከስብሰባው በፊት በግል ንባብ ላይ ሊለቀሙ የሚገባቸው፦ ከሌሎቹ ረዝሞና ተብራርቶ የተጻፈ ትክክለኛ መልስ (አዘጋጁ እንዳይከሰስ ብሎ ያረዝመዋል)፣ «ሁልጊዜ» እና «በፍጹም» የሚሉ አማራጮች፣ ስቴሙ ላይ ያለው ቃል መልሱ ላይ ተደግሞ መገኘቱ። «ከሚከተሉት የማይሆነው የቱ ነው?» የሚለው ደግሞ በእንግሊዝኛ ሲጻፍና አማራጮቹ ውስጥ ሌላ አሉታ ሲገባ እንቆቅልሽ ይሆናል። ክፍላችሁ ውስጥ ያለው ተማሪ ቤቱ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛ ወይም ሐረሪ የሚናገር ነው፤ የምትፈትኑት ሕክምናውን እንጂ የሰዋስው ትዕግሥቱን አይደለም። አንድ ቀላል መመዘኛ አለ፦ አማራጮቹን በእጅ ሸፍኖ ስቴሙን ብቻ ማንበብ። በራስ መመለስ ካልተቻለ ስቴሙ አልተጠናቀቀም።

የጀጎል መምህር

በጣም አመሰግናለሁ፣ ሁለታችሁንም። አንድ ስጋት አለኝ። 100 ጥያቄ በአራት ሰው እጅ ለቀናት ከቆየ ቴሌግራም ላይ አይገኝም ወይ? አሁንም ኦልድ ኤግዛሙ (የቀድሞ ዓመታት ፈተና) በየባቹ እየተወራረሰ ነው። ካለፈ በኋላስ መጥፎውን ጥያቄ ምን እናደርገዋለን? ለሁሉም አንድ ነጥብ መጨመር ነው የለመድነው።

ከዚራ

ወረቀቱ ከቢሮ አይውጣ። ቁጥር የተሰጣቸው አራት ኮፒዎች ይታተሙ፣ ገምጋሚው ፈርሞ ይውሰድ፣ እዚያው ክፍል ተቀምጦ ይሥራ፣ ፈርሞ ይመልስ። ስልክ ውጭ ይቀመጥ። ፋይሉ ኢንተርኔት ባልተገናኘ ኮምፒውተር ላይ ይሁን፤ በኢሜይልም በቴሌግራምም «ለአንድ ደቂቃ» አይላክ። ጥያቄው ከኢንተርኔት የጥያቄ ባንክ እንዳለ ከተገለበጠ ግን ይህ ሁሉ ጥበቃ ዋጋ የለውም፣ ተማሪው ዘንድ ቀድሞ ደርሷል። ቢያንስ የታካሚው ዕድሜ፣ የላብራቶሪው ውጤትና የሚጠየቀው ነገር ይለወጥ።

ቀፊራ

የመጨረሻውን ጥያቄ እኔ ልመልስ። ሁለተኛ ስብሰባ ያስፈልጋችኋል፣ አጭር፣ ውጤት ከመለጠፉ በፊት።

60 ተማሪ ካላችሁ በጠቅላላ ውጤት ደርድሯቸውና የላይኛውን 27% እና የታችኛውን 27% ውሰዱ፤ 16 እና 16 ይሆናሉ። አንድን ጥያቄ ከላይ 14፣ ከታች 6 ከመለሱት ክብደቱ (በትክክል የመለሱት ድርሻ) 20 ሲካፈል ለ32፣ ማለትም 0.63 ነው፤ ጎበዙን ከደካማው የመለየት አቅሙ 14 ሲቀነስ 6፣ ሲካፈል ለ16፣ 0.50። ጤነኛ ጥያቄ ነው። ከላይ 3፣ ከታች 7 ከሆነ ግን −0.25 ይመጣል፤ ጎበዞቹ ተሳስተው ደካሞቹ ካገኙት መጀመሪያ የሚጠረጠረው አንሰር ኪው (ትክክለኛ የተባሉት መልሶች ዝርዝር) ነው፣ ቀጥሎ የሁለት መልስ ጉዳይ። ጎበዞቹ በብዛት የመረጡትን ፊደል ተመልከቱ፣ ብዙ ጊዜ እሱ ይነግራችኋል። ከ5% በታች (በ60 ሰው ሁለት ወይም ከዚያ ያነሰ) የመረጠው ዲስትራክተር ለሚቀጥለው ዓመት ይቀየር። በ60 ሰው የሚወጣ ቁጥር ስለሚዋዥቅ 0.15 አገኘሁ ብሎ ብቻ ጥያቄ መጣል ግን ትክክል አይደለም። ቁጥሩ የትኛውን ደግማችሁ እንደምታነቡ ይጠቁማል እንጂ አይፈርድም።

ለሁሉም አንድ ነጥብ መጨመሩን ተዉት፤ በትክክል የመለሰውንና የገመተውን እኩል ያደርጋል። ኪው ተሳስቶ ከሆነ ኪው ታርሞ ሁሉም እንደገና ይታረም። ሁለት መልስ ካለው ሁለቱም ይያዙ። ጨርሶ መልስ ከሌለው ይውጣና ፈተናው ከ99 ይታሰብ። ይህ ሲወሰን የተማሪ ስም የሌለበት ሰንጠረዥ ነው ጠረጴዛው ላይ መሆን ያለበት። ውሳኔው ከነምክንያቱ ጥያቄው ሥር ይጻፍ፤ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ጥያቄ ከባንክ የሚያወጣው ሌላ መምህር ሊሆን ይችላል።