ለአምስት ሰው የሚሆን ሆቴል ኦርላንዶ ላይ እንዴት ይገኛል?

እባካችሁ የምታውቁ አንድ በሉኝ። ከባለቤቴና ከሦስቱ ልጆቻችን ጋር ኦርላንዶ ወዳለው የመዝናኛ ፓርክ፣ ዲዝኒ ወርልድ፣ ልንሄድ አስበናል። የፓርኩ ትኬት ብዙም አላስቸገረኝም፤ ያዞረኝ ሆቴሉ ነው።

ረከስ ያለ ክፍል አገኝና ደስ ይለኛል። የሰው ብዛት 5 ብዬ ስሞላ ግን ድራሹ ይጠፋል፣ ወይም ሁለት ክፍል ያዙ እባላለሁ። 4 ብሎ አስይዞ እንግዳ መቀበያው ላይ መጨቃጨቅ ደግሞ አልፈልግም። ከሁሉ የሚያናድደኝ ሪዞርት ፊ የሚሉት፣ ሆቴሉ ከአዳሩ ዋጋ ላይ የሚጨምረው ክፍያ ነው። የአዳሩ ዋጋ ብቻውን ትንሽ ይመስላል፤ እሱ፣ ታክሱ፣ የመኪና ማቆሚያው ግን ይቆለልበታል።

የዲዝኒ የራሱ ሆቴሎች ውስጥ ያደረ ሰው ፓርክ የሚገባው 30 ደቂቃ ቀድሞ ነው፤ ለመኪና ማቆሚያም አይከፍልም። አርት ኦፍ አኒሜሽን የሚባለው 6 ሰው የሚይዝ የቤተሰብ ክፍል አለው። ዋጋው ግን አይቀመስም!

ትንሿ ልጃችን ከሰዓት ካልተኛች አበቃልን፣ ስለዚህ ርቀቱም ያሳስበኛል። ከፓርኩ ውጭ ኩሽና ያለው ቤት ብንከራይ ያዋጣል ወይስ በመንገድ እንንገላታለን? ቅናሽስ የሚገኘው ቀድሞ በመያዝ ነው ወይስ ቀኑ ሲቃረብ? በትምህርት ቤት ዕረፍት ስለምንሄድ ቀን መቀየር አንችልም።