የቤተ ሙከራ አይጦችን የሽንት ፊኛ ያለ ቀዶ ጥገና ስለመለካት የቀረበ የእርዳታ ጥያቄ

ውድ የሙያ ባልደረቦች፣

ደሴ ውስጥ የፋርማኮሎጂ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ስሆን፣ አንድ የመድኃኒት ዕፅ በሽንት ፊኛ ላይ ያለውን ውጤት በአይጦች እያጠናሁ ነው። ፊኛው ውስጥ በቀዶ ጥገና ቱቦ አስገብቶ ግፊትን መለካት እንስሳውን ስለሚያሠቃይና ማደንዘዣውም የፊኛውን ተፈጥሯዊ አሠራር ሊያዛባ ስለሚችል፣ ወረቀት ላይ የሚቀረውን ሽንት መለካት መርጫለሁ።

እያንዳንዷን አይጥ የማጣሪያ ወረቀት በተነጠፈበት ሳጥን ውስጥ ለ4 ሰዓት ለብቻዋ አቆያለሁ፤ የውኃ ጠብታ ከሽንት ጋር እንዳይምታታ ጡጦውን አነሣለሁ። ወረቀቱ ሲደርቅ ሽንቱ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ፈክቶ ስለሚታይ፣ ፎቶ አንሥቼ የምልክቱን ስፋት ኢሜጅጄ (ImageJ) በተባለ የምስል መለኪያ ሶፍትዌር እለካለሁ። ስፋቱን ወደ ሽንት መጠን ለመቀየር፣ መጠኑ የታወቀ ሽንት በፒፔት (በጠብታ መለኪያ ቱቦ) አንጠባጥቤ ያዘጋጀሁት ማነጻጸሪያም አጥጋቢ ነው።

የቸገረኝ መደራረቡ ነው። አይጦቹ አንዱን ጥግ መርጠው ስለሚሸኑበት፣ ሁለትና ሦስት ምልክቶች ተዋሕደው ሶፍትዌሩ እንደ አንድ ትልቅ ሽንት ይቆጥራቸዋል። በዚህም የሽንቱ ድግግሞሽ ያነሰ፣ የአንዱ መጠን ግን የበዛ ይመስላል፤ ይህ ደግሞ ዕፁ ፊኛውን አረጋግቷል ወደሚል የተሳሳተ ድምዳሜ ሊወስደኝ ይችላል። ወረቀቱን እንዳያኝኩት የሽቦ ወንፊት ባነጥፍም ሽንቱ ሽቦው ላይ እየተያዘ ይቀራል።

የተደራረቡትን ጠርዛቸውን ተከትሎ በእጅ መለየት ተቀባይነት አለው ወይስ ወረቀቱን በየሰዓቱ መቀየር ይሻላል? መቀየሩ እንስሳቱን እንዳያስደነግጥ እሰጋለሁ። በተጨማሪም የደሴ ብርድ ሽንትን ሊያደጋግም ስለሚችል፣ የክፍሉን ሙቀት በምን ያህል ዲግሪ እንደምታጸኑ ብትነግሩኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው።