ቻርማውዝ ገደሉ ሲናድ ዝም ይባላል እንዴ?

ጠያቂ፦ ሰሞኑን እንግሊዝ፣ ዶርሴት ሄጄ ነበር። የቻርማውዝ ገደል ጥቁር ጭቃ እየሆነ ወደ ባሕር ይናዳል። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዩኔስኮ ቅርስ አይደል እንዴ? ምናለ ግንብ ቢሠሩለት?

ድንጋዩ፦ ግንብ ከተሠራለትማ አለቀለት! ማዕበሉ ሲቆርሰው እኮ ነው አሞናይቱ (ጠመዝማዛ ቅርፊት የነበረው የጥንት የባሕር እንስሳ ቅሪት) ከጭቃው ወጥቶ አሸዋው ላይ የሚገኘው። ሜሪ አኒንግም ከ200 ዓመት በፊት እዚያው አጠገብ ላይም ሪጂስ ላይ ቅሪተ አካል የምትለቅመው ናዳ ከወረደ በኋላ ነበር።

እሙዬ፦ ማውራት ቀላል ነው፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ቤት ያለውን ጠይቁት! ላይም ሪጂስ ከተማ ስለሆነ ግንብ ተሠርቶለታል።

ድንጋዩ፦ እሱስ ልክ ነሽ።

አቤል፦ ልጆች ይዛችሁ የምትሄዱ፣ ውኃው የሚሸሽበትን ሰዓት እዩ፣ ገደሉ ሥር ድርሽ አትበሉ። የወደቀውን መልቀም ይቻላል፣ ገደሉን በመዶሻ መፈልፈል ግን ነውር ነው።